የመልክ ስህተትና የነገር ስህተት

ቡታጅራ፣ ሰኔ 3 ቀን 1929 ዓ.ም.

«ዱባለን ነው? እሱማ ግንድ ነው። ፊደል በአንድ ጆሮው ብታፈስበት በሌላው ይወጣል።»

የወጥ ቤቷ ሴት ውድነሽ ናት። ዛሬ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆማ ለአንድ ባንዳ ስትነግረው እንጨት እየፈለጥኩ ሰማኋት። ባንዳው ከአዲስ አበባ ሸሽቶ የመጣ የተማረ ሰው እንዳለ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል። ግንድ መሆኔን ሲሰማ ሄደ።

ደስ አለኝ። ከየካቲት ጀምሮ የለፋሁበት ፍሬ አፈራ ማለት ነው፤ አብራኝ የምትውል ሴት እንኳ አምናለች። ትንሽ ግን ከፋኝ። «አልተማረም» ማለት ይበቃ ነበር።

ስሜን እንዳልረሳው እዚህ ብቻ ልጻፈው፦ ወልደአማኑኤል። አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። በየካቲቱ እልቂት ማግስት ፊደል የቆጠረ ሰው እየተለቀመ ሲወሰድ በእግሬ ወጣሁ። የአባቴ አገር ክስታኔ ነው፤ እዚያ ስለሚያውቁኝ አልፌ ቡታጅራ ቀረሁ። አሁን ዱባለ ነኝ፤ የአባ ጁሊዮ እንጨት ፈላጭና አትክልተኛ። «መጻፍ ለማይችል ሰው እርሳስ ምን ያደርግለታል?» ብለው ቢይዙኝ፣ ለጆሮ መጎርጎሪያ ነው ልል ተዘጋጅቻለሁ።

ሰኔ 8

አባ ጁሊዮ ሽማግሌ የጣልያን ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ቻይና ፈጅተው ታመው ሲመለሱ፣ ይረፉ ተብሎ ነው መሰለኝ ወደኛ ላኳቸው። አማርኛቸው ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። ፍየል ከጎመን ሲያባርሩ እንኳ «ፍየል ሆይ!» ይላሉ። ፍየሏ ግራ ይገባትና ትቆማለች፤ ጎመኑ ያልቃል።

ዛሬ ዝናቡ አላሠራ ሲል ሦስታችንን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡን፤ ወጥ ቤቷን ውድነሽን፣ በቅሎ ጠባቂውን ከድሮንና እኔን። «እናንት ያልተማራችሁ ሰዎች ሆይ፣ እጅግ ታስፈልጉኛላችሁ» አሉ። በዚህ ማዕረግ ተጠርቼ አላውቅም።

ከሣጥን የካርድ እሽግ አወጡ። በየካርዱ ላይ በጥቁር ቀለም አንዳንድ የቻይና ምልክት አለ። የቻይና ጽሕፈት እንደኛ ድምፅ አይቆጥርም አሉ፤ ምልክቱ ለነገሩ ነው የሚቆመው። ያልተማረ ሰው ጭንቅላት ምልክቱን ከነገሩ ጋር በምን ገመድ እንደሚያስረው አይተው አንድ መጽሔት ላይ ሊጽፉ ነው። ስለዚህ ምልክቱንና ትርጉሙን ብቻ ይነግሩናል፤ በቻይንኛ እንዴት እንደሚጠራ አይነግሩንም።

ከድሮ እጁን አነሣ። «አባ፣ ቻይና በቅሎ አለ?»

«አለ፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ሰዎች ናቸው» አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

ሰኔ 11

ጉድ ፈላብኝ። «ሰው» ያሉት ምልክት ሁለት እግሩን ከፍቶ የቆመ ነው፤ የኛ ለ ማለት ነው። «ዐሥር» ያሉት ጥርት ያለ ተ ነው። «ተራራ» ያሉትም ሠ ነው፤ ንጉሡ ሠ ራሱ ከነግርማው። ካርዱ በመጣ ቁጥር አፌ ድምፁን ሊያወጣ ይከፈታል። ሳል አደርገዋለሁ። አባ ጁሊዮ አዝነው ማር ሰጡኝ።

ውድነሽ ተራራውን ገና ስታየው «ይሄማ ዘቢዳር ነው፣ ሦስት ጫፉን ተመልከቱ» አለች። አለቀ፤ አትረሳውም። እኔ ፊደል ሳይ ድምፅ ቀድሞ ይገባል፤ ትርጉም እንደ አሽከር ከኋላው ይከተላል። በሷ በኩል ድምፅ የሚሉት በረኛ የለም፤ ነገሩ በቀጥታ ገብቶ ይቀመጣል። ይህን ስጽፍ ቅናት አይደለም። ትንሽ ነው።

ሰኔ 15

ዛሬ አባ ጁሊዮ «ሰው»ን አወጡ፤ ቀጥሎ ያው ሰው በደረቱ አግዳሚ የተሰመረበትን አሳዩንና «ትልቅ» አሉ። ከትልቁ በላይ ሌላ አግዳሚ ሲመጣ «ሰማይ» ሆነ። ገባኝ፣ አልኩ በሆዴ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በየቅጥያው ይለዋወጣል። የቀሩትን እስከ ሳብዕ እጠባበቅ ጀመር። ከዚያ ከትልቁ ትከሻ ላይ ነጥብ ያለበትን አወጡና «ውሻ» አሉ።

ከሰው በሰማይ በኩል ወደ ውሻ የሚሄድ ቤተሰብ አላየሁም። ቢሆንም ተርታውን ልተወው አልቻልኩም። የለመደ ጭንቅላት መደርደሪያ ካላገኘ አያስቀምጥም። ስጠየቅ ሰማዩን «ውሻ» አልኩ። ከድሮ እስኪወድቅ ሳቀ።

ሰኔ 19

ከድሮ ይጨነቃል። ውድነሽ ስትመልስ እሱ ዝም ሲል ያፍራል። ወደ ወልቂጤ በቅሎ ጭኖ ደርሶ ሲመለስ ሁሉም ጠፍቶበታል። ዛሬ በቅሎ ቤት ጠርቶኝ «ዱባለ ወንድሜ፣ ሽማግሌው ፊት አታዋርደኝ፤ እንዴት ነው የምትይዘው?» አለ።

አመድ በትኜ በጣቴ በተርታ ጻፍኩለት። እዚህ የሰው ቤተሰብ፣ እዚያ የዛፍ ቤተሰብ፣ እዚያ የአፍ ቤተሰብ። አንዱ ላይ ምን ሲጨመር ምን እንደሚሆን እየጠቆምኩ አስቆጠርኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲቆጥርልኝም አዘዝኩት። አስተማሪነቴ ተነሣብኝ። ባዶ ሆድ ጠጅ እንደ ቀመሰ ሰው ሞቀኝ።

«አንተ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለ።

«ከአባ አፍ ነዋ።»

«ወላሂ፣ ከአባ ያንተ ይሻላል።»

አመዱን በእግሬ አጠፋሁት። ማንንም አይጎዳም።

ሰኔ 30

ከድሮ ሰነፍ አይደለም። ተርታውን እንደ ውኃ ይወጣዋል። ሲሳሳት ደግሞ ጎረቤቱን ምልክት ይጠራል፤ ለሰማይ ትልቅ፣ ለዛፍ ሥር። በቅሎ ቤት በየዕለቱ እንገናኛለን። ዛሬ ሚስቱ ጠይባ ቆጮ በጎመን ይዛ መጥታ ከውጭ ስትሰማን ቆየች። «ምን ትዘምራላችሁ?» አለች። «ቻይና ነው» አላት፤ ኮራ ብሎ።

ሐምሌ 5

አባ ጁሊዮ ዛሬ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸዋል። ስህተት ሁለት ዓይነት መሆኑን ደረሱበት። ውድነሽ ወንዙን «ዝናብ» ትለዋለች፣ እሳቱን «ምድጃ»፣ በሩን «አጥር»። መልካቸው አይገናኝም፤ ነገራቸው ግን ጎረቤት ነው። ይህ የነገር ስህተት ይባላል አሉ። ከድሮና ዱባለ ግን ሰማዩን ውሻ ይሉታል። የነገር ዝምድና የለውም፤ መልኩ ነው የተመሳሰለባቸው። ይህ የመልክ ስህተት ነው።

«ልጆቼ ሆይ፣ እጅግ ያስገርማል። ያልተማረ ሰው ምልክቱን እንደ ሥዕል በሞላው ስለሚይዘው የነገር ስህተት ይሳሳታል። የመልክ ስህተት የሚሳሳተው ሌላ ፊደል አስቀድሞ የተማረ ነው፤ እሱ ምልክቱን ሰረዝ በሰረዝ ፈትቶ በተርታ ያኖረዋል።» ሳቁ። «ከእናንተ መካከል የተማረ ሰው ተሸሽጎ ይሆንን?»

ውድነሽም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ረዘመ። እኔ ሳልኩ። ማር አልሰጡኝም።

ሐምሌ 6

ከዛሬ ጀምሮ የምሳሳተው የነገር ስህተት ነው። ወንዙን ዝናብ፣ ዓይኑን እንባ፣ በሬውን ሞፈር አልኳቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሲቸግረኝ ውድነሽ የተሳሳተችውን አንድ ቀን አሳድሬ እወስዳለሁ። ተማሪዎቼን እንዳይኮርጁ ስገርፍ ኖሬ አሁን የወጥ ቤት ስህተት እኮርጃለሁ። ፈተና ለመውደቅ እንዲህ አጥንቼ አላውቅም።

በቅሎ ቤት አልሄድኩም። ጀርባዬን አመመኝ ብያለሁ።

ሐምሌ 13

አባ ጁሊዮ፦ «ዱባለ ተለወጠ። አሁን እንደ ውድነሽ ነው። ከድሮ ግን በመልክ መሳሳቱን አጥብቆ ያዘ።»

ከድሮ ምስጋና መሰለው። አንገቱን ሰበር አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ለከድሮ ልነግረው ይገባ ነበር። ምን ብዬ? «እንደ መሃይም ተሳሳት» ብዬ? ያን ካልኩት እኔ ማን እንደሆንኩ ማወቁ ነው።

ሐምሌ 15

ዛሬ የሆነውን በትክክል መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ ለራሴ አሳምሬ እንዳልተርከው።

ጎመን እየኮተኮትኩ ሳለ አባ ጁሊዮ መጡ። ጃንጥላቸውን ለኔም አካፈሉኝ። «ዱባለ፣ አንተ ቅን ሰው ነህ። ከድሮ ፊደል ተምሯልን? ብትነግረኝ ክፉ የለበትም። ለጽሑፌ ብቻ ነው፤ በሌላ ወገን እንድቆጥረው።»

«አይመስለኝም» ማለት እችል ነበር። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ያልኩት ይህን ነው፦ «እስላም ነው፣ አባ። ልጅ ሆኖ ቁርኣን ሳይቀራ፣ ፊደሉን ሳይቆጥር አይቀርም።»

ውሸት አይደለም። ግምት ነው። የእስላም ልጅ ሁሉ ይቀራል፤ ማንም የሚያውቀው ነው። ደግሞ ጥፋት አይደለም፤ ቁርኣን መቅራት ክብር ነው። ኮትኩቼ ጨረስኩ። ጎመኑ መካከል ያልነበረ አረም ስነቅል እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሐምሌ 18፣ እሑድ

የከተማው የጣልያን ጦር አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ እንደ ልማዱ ከአባ ጁሊዮ ጋር ምሳ በላ። እንጨት ይዤ ስገባ በጣልያንኛው መካከል «ከድሮ» የሚል ሰማሁ። አባ ጁሊዮ ሁለት ካርድ አንሥተው እያስረዱ ይስቃሉ። ካፒቴኑ ሹካውን አስቀመጠ። አልሳቀም።

የበቅሎ ወሬ ይሆናል።

ሐምሌ 23

ከድሮን ወሰዱት። አርብ ገበያ፣ ጨው ሲገዛ። ሁለት ካራቢኜሪ የሚባሉ የጣልያን ፖሊሶችና ያ ባንዳ። ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሴቶች ሊያፍሱ ተሻሙ። በኋላ እጽፋለሁ።

አልጻፍኩም።

ሐምሌ 24

አባ ጁሊዮ ከካፒቴኑ ዘንድ በዝናብ ርሰው ተመለሱ። ጃንጥላቸውን እዚያ ረስተዋል። ምድጃው ፊት ቁጭ ብለው ለማንም ሳይሆን ተናገሩ። ካፒቴኑ ማንበብ ወንጀል አይደለም ብሏቸዋል፤ ወንጀሉ መሸሸጉ ነው። ፊደል እያወቀ «አላውቅም» የሚል፣ በቅሎ እየነዳ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚመላለስ ሰው ለሽፍቶች ወረቀት ያደርሳል እንጂ ሌላ ምን ይሠራል?

«እኔ ስለ ጭንቅላት እንጂ ስለ ሰው አልተናገርኩም» አሉ። ይህን ደጋግመው አሉት። ከዚያ ካርዶቹን አንድ በአንድ ደርድረው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱ። እኔን አላዩኝም። እኔም እንዲያዩኝ አልፈለግኩም።

ሐምሌ 26

ከድሮን እየገረፉ ነው ይላሉ። ጋዜጣ ሰጥተው «አንብብ» ይሉታል፤ «ማንበብ አልችልም» ይላል፤ ይመቱታል። የጠይባ ወንድም ከአጥር ውጭ ሆኖ ሰማሁ ብሏል።

ይህ ሰው ለምን ይክዳል? «ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ሌላ አላውቅም» ቢል ካፒቴኑ ይተወው ይሆናል። ጣልያን እኮ ለእስላሙ መስጊድ እሠራለሁ እያለ ነው። ግትርነቱ ራሱን ጎዳው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ፊቴ ጋለ፤ አልሰርዘውም።

ሐምሌ 28

ውድነሽ ቆጮ ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ቀና ሳትል «መምህር» አለችኝ።

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ።

«እንጨት ፈላጭ መጥረቢያ እንደ ጠመኔ አይዝም። የመጣህ ለት ነው ያየሁት። ከዚያ ደግሞ የአባን ጋዜጣ ለእሳት ማያያዣ ስትሰጠኝ ገልብጠህ ትሰጠኛለህ፤ ያላነበብክ ለመምሰል። መሃይም እኮ አንዳንዴም ሳያውቀው በትክክል ይይዘዋል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለባንዳው...»

«ግንድ ነው ያልኩትን? ምን ልበለው፣ የኔ ጌታ? ምሁር ነው፣ ግቡና ውሰዱት?» ቢላዋዋን ጠረገች። «እኔን የገረመኝ ለከድሮ ግንድ ነው የሚልለት ሰው መጥፋቱ ነው። አባ ከማን ሰሙት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

አየችኝ። ቆጮዋን መክተፍ ቀጠለች።

ነሐሴ 3

ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፤ እስከ ማታ። ጾም ርካሽ ነው፤ ከሆድ በቀር ማንንም አያስከፍልም። ካፒቴኑ ዘንድ ሄጄ «የምትፈልገው እኔን ነው፤ ያን የመልክ ስህተት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ማለት ግን ከሁለት ኮረብታ ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቷል። ነገ ጎደል ይል ይሆናል።

ነሐሴ 5

ወንዙ ጎድሏል። እንጨት የሚፈለጥ አለ።

ነሐሴ 8

እንግዳ ነገር ደረሰብኝ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ እያልኩ በእርሳስ ለ ጻፍኩ። ድምፁ አልመጣም። የመጣው ሰው ነው፤ እግሩን ከፍቶ የቆመ፣ ሁለት እጅ የሌለው። ተመለከትኩት፤ «ለ» በል እያልኩ ራሴን ባስገድድም ለረጅም ጊዜ ሰው ሆኖ ቆየ። አባ ጁሊዮ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ ያልተማረ ሰው ያገኙ ነበር፤ ሁለት ወር ዘግይተው።

ድሮ «ሰው» የሚለውን ቃል ስጽፍ ሁለት ፊደል ነበር፤ እጄ ይጽፈዋል፣ ሐሳቤ ሌላ ጋ ይሆናል። አሁን በየት በኩል እንደማልፈው አላውቅም።

ነሐሴ 12

ከድሮን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ካሚዮኑ በጭቃ ተይዞ ቤታችን ፊት ቆመ። ወታደሮቹ «ግፉ» ብለው የመንገዱን ሰው ሁሉ ጠሩ፤ እኔም ተጠራሁ። ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ። ይህን ሳልጽፍ ላልፈው ነበር። እሱ ያለበትን ካሚዮን ገፋሁ።

ከላይ አየኝ። ፊቱ አብጧል፤ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። «ዱባለ!» አለ። የሚያጋልጠኝ መሰለኝ። «ዱባለ፣ ያቺ ቡላዋ በቅሎ ጨው ትወዳለች፣ አትርሳት!»

ካሚዮኑ ወጣ። ጭቃው እስከ ደረቴ ለበሰኝ። ውድነሽ ልብሴን አጥባ አጥሩ ላይ ዘረጋችው።

ነሐሴ 20

ለበቅሎዋ ጨው ሰጠሁ። እውነትም ትወዳለች።

ጳጉሜን 2

አባ ጁሊዮ ታመዋል። ዛሬ አልጋቸው አጠገብ ውኃ ሳኖር እጄን ያዙኝ። «ዱባለ፣ ያን ቀን የነገርከኝን አውቀህ ነውን፣ ወይስ ገምተህ?»

«እስላም ነው፣ አባ» አልኩ። «የእስላም ልጅ ቁርኣን ይቀራል።»

«እኔም እንዲሁ አሰብኩ» አሉ። እጄን ግን አልለቀቁም፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው።

መስከረም 6 ቀን 1930 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ ለመስቀል የሚመጡት ነጋዴዎች መግባት ጀምረዋል። አንዱ ገበያ ላይ አተኩሮ አየኝና «የት ነው የማውቅህ?» አለ። «የትም» አልኩ። «አንድ መምህር ትመስለኛለህ» አለ። «ሰው ይመሳሰላል» አልኩ። ለባልደረባው «መልኩ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ያ ኩሩ ነበር» ሲለው ሰማሁ።

መስከረም 18

መስቀል ትናንት አለፈ። ውድነሽ ያበላችኝን ሥጋ በላሁ፤ ጣዕሙን አላስታውስም።

ዛሬ ጠይባ መጣች። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ከእስር ቤት በር ሳታየው መልሰዋታል። ሌላው ሁሉ መንገድ ሲያያት ይሸሻል፤ እኔ ዘንድ ሰፌድ ሙሉ ቆጮና የተነጠረ ቅቤ ይዛ መጣች። ደፍ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባም አለች። «አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ ዱባለ። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«ስለምን?» አልኩ።

«ክረምቱን ሙሉ ከአፉ አትጠፋም ነበር። ዱባለ እንዲህ አለኝ፣ ዱባለ እንዲህ አሳየኝ። ማታ ማታ ምድጃው ዳር አመድ እየበተነ ለኔም ያስቆጥረኝ ነበር፤ ሰው፣ ትልቅ፣ ሰማይ። በሕይወቴ ዕውቀት ያካፈለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው ይል ነበር።»

ስሰማት አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ለሷ ብዬ አይደለም የጠየቅኳት። ላመጣችው ቅቤም ቢሆን ፊቷን ማየት ይገባኝ ነበር፤ መሬት መሬት እያየሁ ጠየቅኩ።

«ልጅ ሆኖ ግን ቁርኣን ቤት ገብቶ ነበር፤ አይደለም? ትንሽ ፊደል ቆጥሮ ነበር።»

«ማን? ከድሮ?» አለች። ፈገግ አለች፤ ባሏን የምትወድ ሴት በባሏ ላይ የምትስቀውን ያህል። «ኧረ እሱ! አባቱ ሲሞት ገና ጥርሱን አልጨረሰም። ከበቅሎ ኋላ ነው ያደገው። ሶላቱንም እኔ ነኝ በቃል ያስያዝኩት። አሊፍ የምትባለዋን እንኳ ለይቶ አያውቅም።»